የጋሼ ጭምብል

ላስቲክ የታላቅ ወንድሟን የደም ምርመራ ውጤት ስታነብ ደሟ ፈላ። በደሙ ውስጥ የተገኘውን የእርሳስ መርዝ መጠን ሐኪሙ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ወረቀቱን ጨምድዳ ይዛ ወደ ግዢ ክፍል ገሰገሰች።

ላስቲክ የተባለችው በሥራዋ ነው። የፈረሰውን የባትሪ ፋብሪካ ግቢ የሚያጸዱ ሠራተኞች የሚያጠልቁትን የመተንፈሻ ጭምብል ትመረምራለች፤ ማሰሪያውን ስትጎትትና ስትለጥጥ ስለምትውል ስሙ ወጣላት። ጎማው የተሰነጠቀ ወይም ማጣሪያው ቀኑ ያለፈበት ጭምብል ካገኘች ባለቤቱን ቁም ስቅሉን ታሳየዋለች።

"ተመሳስሎ የተሠራ ማጣሪያ ነው ያመጣህብን!" ብላ ዕቃ ገዢው ላይ ጮኸችበት። "አባት ሆኖ ያሳደገኝን ሰው ገደልከው!"

"ኧረ ቀስ በይ! ሣጥኑ ያውልሽ፣ ማኅተሙን እይው!"

"የማየውን አያለሁ! ስምህን ጽፌ ባልከስህ ምን አለች በለኝ!"

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ገዢው ስድብ አይበዛበትም፤ ጓንት እንኳን በጊዜው አምጥቶ አያውቅም። በዚህ ጉዳይ ግን እጁ ንጹሕ ነበር።

ለክሱ ማስረጃ እንዲሆናት የወንድሟን ማጣሪያ ልትወስድ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባች። ወንድሟ የስምንት ሰዎች ቡድን መሪ ነው። እሷም እነሱም ጋሼ ነው የሚሉት። ሁሉም ረፍት ላይ ሆነው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል።

"ጋሼ፣ ጭምብልዎን ይስጡኝ።"

"የኔ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ይልቅ የልጆቹን እይ።"

ይህን መልስ ሰኞ ሰኞ ሁሌ ትሰማዋለች። የስምንቱ ሰዎች ጭምብል ጠረጴዛዋ ላይ ይደረደራል፤ የጋሼ ግን ለምርመራ ከቁም ሣጥኑ ወጥቶ አያውቅም። የታላቅን ዕቃ መበርበር ነውር እየመሰላት "እሺ ጋሼ" ብላ ታልፈዋለች።

ዛሬ ግን የያዘውን ጭምብል ከእጁ መነጨቀችው። ፊቷ ላይ አጠለቀችና ሁለቱን ማጣሪያዎች በመዳፎቿ ደፍና አየር ሳበች። ደህና ጭምብል ቢሆን ፊቷ ላይ ልጥፍ ይል ነበር። ይኼኛው በፊት በኩል አየሩን ዝም ብሎ አስገባላት። አውልቃ ገለበጠችው። ትንፋሽ ሲወጣ ብቻ ተከፍታ አቧራ እንዳይገባ የምትዘጋው፣ ቫልቭ የሚሏት፣ ሳንቲም የምታህለዋ ስስ ጎማ የለችም።

"የታለች?"

"አወጣኋት። ድምፄን እያፈነች አስቸገረችኝ፤ ማሽኑ ሲጮህ 'ተመለሱ' ብላቸው አይሰሙኝም። አንድ ቀን ግድግዳ ሊናድባቸው ለጥቂት ነው የተረፉት።"

"መቼ ነው ያወጧት?"

"ሥራ ስንጀምር። ሦስት ወር አይሆንም?"

"ሦስት ወር!" ጭምብሉን አግዳሚው ላይ ወረወረችው። "ሦስት ወር ሙሉ መርዝ ሲምጉ! እጅዎ ሲንቀጠቀጥ ድካም ነው አሉኝ። ሆድዎን ሲቆርጥዎ ምግብ ነው አሉኝ። እኔን ምን አድርጊ ብለው ነው?"

"አንቺስ ፈርመሽ የለ?" አለ ጋሼ። ሊወጋት አስቦ አልነበረም፤ የምሩን ነው። "ችግር ቢኖረውማ አትፈርሚም ብዬ ነው እኮ።"

እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን የምርመራ መዝገብ ገለጠች፤ ዐሥራ ሁለት ሰኞ፣ በጋሼ ስም አንጻር ዐሥራ ሁለት ጊዜ "ተመርምሯል፣ ደህና ነው"፣ ከጎኑም ያቺ የምትኮራባት ፊርማዋ። ለገዢው ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ለራሷ ተረፈ። ራሷን በጥፊ ብታጮል ደስ ባላት። እስክሪብቶዋን አውጥታ ወረቀቱ እስኪቀደድ እየተጫነች ጻፈች፤ የጻፈችውንም ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ አነበበችው።

"የቡድን መሪው ጭምብል ቫልቭ የለውም። ዐሥራ ሁለት ጊዜ ሳይመረመር ተፈርሞበታል። የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

"ያባርሩሻል" አለ ጋሼ።

"ያባርሩኝ! ዛሬ ማንም እዚያ ግቢ አይገባም። እርስዎም ይነሱ፣ ሐኪም ቤት ነን።"

ጋሼ ሲነሳ ከአግዳሚው ጥግ በዕድሜ የገፋው ብረት ቆራጭ አብሮ ተነሳ። እጁን ኪሱ ከትቶ አንዲት ስስ ጎማ አወጣና መዝገቡ አጠገብ አስቀመጣት።

"እኔ ሰኞ ጠዋት ነው የምመልሳት" አለ መሬት መሬት እያየ። "አንቺ እስክታዪያት። ጋሼ ካወጣትማ ምን ታደርጋለች ብለን…"

ሁለተኛው ተነሳ። ሦስተኛውም። ስምንቱም ከኪሳቸው እያወጡ አስቀመጡ። ላስቲክ ልትጮህባቸው አፏን ከፈተች፤ ማንን አስቀድማ እንደምትሰድብ ጠፋት። ጋሼ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ተመልሶ ቁጭ አለ።

"እኛም ትናንት ለምርመራ ደም ሰጥተናል" አለ ብረት ቆራጩ። "የኛ ውጤት መቼ ነው የሚመጣው?"

"ሐሙስ" አለች።