ሦስት ቅርጫት በአንድ ወንበር

እህቴ ብርሀንነሽ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ፣ «ልጆቼን እንዳትነጣጥያቸው፤ ሦስቱንም ለአባታቸው አስረክቢልኝ» አለችኝ። አባታቸው ተረፈ ደሴ ከተማ የወፍጮ ቤት ዘበኛ ነበር። ልጆቼ፣ ጊዜው የደርግ ነው፤ ከመካነ ሰላም ደሴ የሚሄድ መኪና እንደ ዛሬው በየቀኑ አይገኝም። ክረምት ከገባ ደግሞ ጭቃው መንገዱን ይዘጋዋል። በዚያ የረሃብ ዓመት እስከ መስከረም ማን ይቆይ ማን ይለፍ አይታወቅም።

ሰኔ ሊገባ ሲል አንድ የመንግሥት ላንድሮቨር እንደሚሄድ ሰማሁ። ሾፌሩ ክንፈ ደግ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ግን አጥብቆ ነገረኝ።

«እትዬ የዓለምዘርፍ፣ ልጅ በእቅፍ አልጭንም። ባለፈው ጠመዝማዛው ላይ አንዱ ከእናቱ እጅ አምልጦ ከብረት ተጋጨ። እያንዳንዱ የራሱ መቀመጫ ይኑረው፣ ይታሰርም። እርስዎ ከኋላ ጭነቱ ላይ ይወጣሉ።»

ሦስት የቀርከሃ ቅርጫት አወጣሁ። እግራቸው የሚወጣበትን በቢላ ከፈትሁ፤ ውስጡን በአሮጌ ጋቢ ደለደልሁ። የመኪናውን ወንበር በክንዴ ለክቼ ስለነበር የቅርጫቶቹን ቂጥ ደርድሬ ለካሁ፤ ልክ መጣልኝ። አፋቸው ከቂጣቸው እንደሚሰፋ ልብ አላልሁም።

በማግስቱ አልታዬን በግራ፣ ፈንታሁንን በቀኝ አስቀመጥሁ። የትንሿ የወርቄ ቅርጫት ግን መካከላቸው አልገባ አለ። ገፋሁት፣ አዘነበልሁት፤ አፍ ከአፍ እየተጋጨ ይመለሳል።

ከፊት ወንበር ጓድ ብዙነህ ዞሮ ያየኛል። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነው፤ ልጅ ሳለ አባቴ ዘንድ ዳዊት ይማር ነበር።

«ሁለቱ ይሂዱ» አለ። «ትንሿ በሚቀጥለው ጉዞ ትመጣለች።»

«የሚቀጥለው መቼ ነው?»

«ሲኖር ነዋ።»

«ሦስቱም አሁን ነው የሚሄዱት፣ ብዙነህ።»

«ጓድ በይኝ።»

«እናትህ ጓድ እያለች ነው ያጠባችህ?»

ክንፈ ሳቁን ሊደብቅ ጎማ የሚያይ መስሎ ወረደ። የብዙነህ ፊት ጠቆረ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ትንሿን መልሻት። አለዚያ ሦስቱም ይወርዳሉ፤ አንቺም የት እንደምታድሪ ታውቂዋለሽ።»

ወርቄ ጀርባዬ ላይ ናት፤ ትንፋሿ አንገቴን ያሞቀኛል። በቅሎ ሲጫን ሁለቱ ከጎንና ከጎን፣ ሦስተኛው ከላይ መሆኑ ትዝ አለኝ። ከፍ የሚያደርግልኝ ነገር ስፈልግ ከወንበሩ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ እስር አየሁ፤ ብዙነህ ለደሴው ስብሰባ የያዘው የንቃት መጽሐፍ ነው። ብድግ አድርጌ መካከሉ ላይ አስቀመጥሁና ቅርጫቱን ከላዩ ጫንሁት። ቂጡ በሁለቱ መካከል ገባ፤ አፉ ከእነሱ በላይ ዋለ። በመጫኛ ከወንበሩ እግር ጋር ጠፍሬ አሰርሁና ወርቄን ከተትኋት።

«የአብዮቱን መጽሐፍ ልጅ ታስቀምጪበታለሽ?» አለ ብዙነህ።

«በሰልፉ ቀን ‹ሕፃናት የአብዮቱ አበቦች ናቸው› ያልኸው አንተ አይደለህም? አበባህ ናት እኮ።»

«ብትሸናበትስ?»

«ይደርቃል።»

ክንፈ ቅርጫቶቹን አንድ በአንድ ወዘወዘ። «አብሽሩ እትዬ፣ ንቅንቅ አይሉም» አለና በሩን ዘጋው። ተዘጋ። ሞተሩንም ሰው ሳያስፈቅድ አስነሣ።

«ስንመለስ ትጠየቂያለሽ» አለኝ ብዙነህ።

«ቤቴን ታውቀዋለህ» አልሁት፤ ጭነቱ ላይ ወጣሁ።

ማታውኑ ተረፈ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አቀፋቸው።

ስመለስ እንዳለውም ታሰርሁ። ቀበሌ አዳራሽ አቁመው፣ «ጥፋትሽን ታምኛለሽ?» አሉኝ።

«ጥፋት አላውቅም» አልሁ። «የእህቴን ልጆች ለአባታቸው ሰጥቻለሁ። ሌላ የምትነጣጥሉት ልጅ ካለ አምጡት፤ እሱንም አደርሰዋለሁ።»