አዲሱ ምዕራፍና የሰላህ ታንኳ

የሚወደው የውጊያ ጌም አዲስ ምዕራፍ ሊወጣለት መሆኑ በተነገረ ቀን ሂሻም ደስ አለው ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። አዲስ አገር፣ አዲስ አውሬ፣ በጦር የሚዋጋ አዲስ ጀግና ይመጣል ተባለ፤ በአሮጌ ስልክ ግን አይሠራም። የእሱ ስልክ ደግሞ አሮጌ ነው። የጓደኛው የሰላህ ግን እህቱ ከጅዳ የላከችለት፣ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ አዲስ ስልክ ነው።

«በጌሙ ጎራዴ መሰንዘር እንኳ ያስተማርሁት እኔ!» አለ ሂሻም፣ አንጀቱ አርሮ።

ሁለቱም ጣና ላይ ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው። የደንገል ታንኳ ከውኃ ወጥታ፣ ዛፍ ተደግፋ ቆማ ካላደረች ትበሰብሳለች፤ አንዱ ከቸኮለ ሌላው ያቆምለታል። ያን ዕለት ሰላህ የጌሙን ወሬ ሰምቶ ወደ ፋሲሎ ሰፈር ልጆች በረረ። ሂሻም የራሱን ታንኳ አቆመና የሰላህን ውኃው ውስጥ እንደተኛች ጥሏት ሄደ።

«ጀግናው መጥቶ ያንሣት!»

መሸት ሲል ሰላህ ሂሻም ቤት ድረስ መጥቶ አዲሱን ስልክ እጁ ላይ አኖረለት።

«ምዕራፉ ሲወጣ በዚህ አንተ ትጀምረዋለህ። እኔማ ያላንተ የመጀመሪያውን በር እንኳ አላልፍም።»

ሂሻም ስልኩን አገላብጦ አየው።

«ዛሬ እኮ ታንኳዬን ዞር ብዬ እንኳ ሳላያት ነው የሮጥሁት» አለ ሰላህ እየሳቀ። «አንተ አለህ ብዬ።»