በዓይኔ በብረቱ

በፀጉር ቤቱ የሚሰበሰበው የእሁድ ከሰዓቱ ማኅበር ሕግ አንድ ብቻ ነበር። ስለ ኳስ ተጫዋች ማውራት የሚችለው በአካል ያየው ሰው ነው። በቴሌቪዥን ያየ፣ በሬዲዮ የሰማ፣ አባቱ የነገረው አፉን ይዝጋ። ያየም ቢሆን ብቻውን ማየቱ አይበቃውም። አንዱ «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ብሎ ሲነሳ፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ከወንበሩ ቀና ይልና «ማን አብሮህ አየ?» ይለዋል። ሌላ ሰው «እኔም በዓይኔ በብረቱ» ካለ ተጫዋቹ ይቆጠራል፣ ይወደሳል፣ ከሌሎቹ ጋር ይነጻጸራል። የሚመሰክር ከጠፋ ግን ያ ተጫዋች ቢፈልግ አየር ላይ ይብረር፣ አልተፈጠረም።

ሕጉን ያወጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ያወጣበትም ምክንያት ጎሚስታው ነው። ጎሚስታው እንጀራው ጎማ መንፋት ስለሆነ ወሬም ሲያገኝ ሳይነፋ አያሳልፍም። እሱ ያያቸው በረኞች ሁሉ ፍጹም ቅጣት ምት በጥርሳቸው ይይዙ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ አንድ እሁድ መቀሱን አስቀምጦ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ያለ ምስክር ኳስ አይመታም» አለ፤ በዚያው ጸና። ጎሚስታው ለጥቂት ሳምንት አኩርፎ ቀረና ተመልሶ መጣ። የት ይሄዳል?

ለዚህ ሕግ ከማንም በላይ የሚገዛው፣ ከማንም በላይም የሚፈራው ልብስ ሰፊው ነበር። ታላቅ ወንድሙ ተጫዋች ነበር፤ ነበር ማለት ከተቻለ። የአንድ ገናና ክለብ ተቀያሪ ሆኖ ዘመኑን አግዳሚ ወንበር ላይ ጨረሰ። አንድ ቀን ግን መብረቁ የሚሉት አጥቂ በዕረፍት ሰዓት ቁርጭምጭሚቱ አብጦ መቆም አቃተው። ያኔ ለተቀያሪ የራሱ ማሊያ የሚባል ነገር የለም። መብረቁ ማሊያውን አወለቀ፣ የልብስ ሰፊው ወንድም ላቡ ሳይደርቅ አጠለቀው። ቁመታቸው አንድ፣ ሁለቱም ራሳቸውን የተላጩ፤ ሕዝቡ ከየት ይወቅ? ያ ሰው በዚያ ማሊያ አንዲት ጎል አገባ። ስታዲየሙ በአንድ አፍ «መብረቁ! መብረቁ!» ብሎ አስተጋባ። የሬዲዮው ሰውዬም ድምፁ እስኪዘጋ «መብረቁ» አለ።

ከቡድኑ ሰዎች ሌላ የማሊያውን ልውውጥ ያዩት ከመልበሻ ክፍሉ በር አጠገብ ሽቦ አጥሩ ላይ የተለጠፉ ሁለት ጎረምሶች ብቻ ነበሩ። አንዱ ዛሬ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሌላው ዛሬ ፀጉር አስተካካይ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ወንድምየው ልምምድ ላይ ጉልበቱ ዞረ፤ ኳስ በዚያው አበቃች። መጋዘን ውስጥ እያነከሰ ጆንያ ሲሸከም ኖሮ ሞተ። ስለዚያች ጎል ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። የመጨረሻ ሕመሙ ላይ ብቻ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ እንደተኛ፣ «የጮኹት እኮ ለኔ ነበር» አለ። ልብስ ሰፊው ሾርባ ይዞ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ «አዎ ጋሼ፣ ላንተ ነው» አለው። ከዚያ በኋላ ሾርባውን አልፈለገም።

እንግዲህ ፎቶ የለ፣ ጋዜጣ የለ፣ ማሊያውም የሌላ ሰው ነው። ልብስ ሰፊው ወንድሙን በዚያች ጠባብ ፀጉር ቤት፣ በየእሁዱ፣ ከታላላቆቹ ተርታ ያስቀምጠው ነበር። ሹፌሩ ግን አንድም ቀን ከልቡ አልተቀበለውም። በዚያ ቀን አውቶቡስ እየነዳ በሬዲዮ ሰምቷል፤ ጆሮው የሰማው «መብረቁ» ነው። ያየ ስላልሆነ በሕጉ መናገር አይችልም፤ ይህ ደግሞ አንጀቱን ያሳርረዋል። «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ያጉረመርማል። ፀጉር አስተካካዩ ይሄኔ ከመስታወቱ ሳይዞር «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አይቻለሁ» ይላል፤ ነገሩ ይዘጋል።

ክፉው ነገር የመጣው በዚህ ሰው ላይ ነው። በመጀመሪያ የደንበኛ ስም ረሳ፤ ይህንን ማን ያልረሳ አለ? ቆይቶ የአንዱን ሰውዬ ራስ በግማሽ ላጭቶ፣ መላጫውን አስቀምጦ በር ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ሰውዬው ፎጣ አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚመጣ የለም። ጎሚስታው ይህንን ሲያወራ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጨመረበትም። ፀጉር ቤቱ ተዘጋ፣ ማኅበሩም ወደ ፀጉር አስተካካዩ መኝታ ክፍል ተዛወረ።

ባለፈው እሁድ ከዚያ ቤት ሲወጡ ነው ሹፌሩ የተናገረው። «ምስክርህ መንገድ ጀምሯል» አለው ልብስ ሰፊውን። «ነገ ማንን ልትጠራ ነው?»

ቀልድ ነበር፤ ሹፌሩ ቀልዱ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊው ግን ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣ። የሰው ሱሪ እግር አሳጠረ፤ ሲጨርስ ቢያየው ያሳጠረው አንዱን እግር ሁለት ጊዜ ነው። ወንድሙን አንዴ ቀብሮታል፤ ሁለተኛ መቅበር አልቻለም። ዛሬ ሲገናኙ ሹፌሩን በር ላይ ያዘው።

«ዛሬ እሱ ራሱ ያቺን ጎል ከነገረን፣ በሕይወትህ ሁለተኛ አትጠይቀኝም?»

ሹፌሩ ትክ ብሎ አየው። «ከነገረን አልጠይቅህም። እኔ ብሞትም ይኸው ጎሚስታው ያስከብርልሃል።»

«አስከብራለሁ» አለ ጎሚስታው።

በሩን የከፈተችላቸው የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ናት። አንድ እጇን በሩ ላይ እንዳደረገች ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቢሳሳት አታርሙት። ትናንት እናትሽ የት ሄደች አለኝ። እኔም ሞኝ፣ ሞታለች እኮ አባዬ አልኩት። አሁን የሞተች ያህል አለቀሰ። ማታ ረስቶት መልሶ ጠየቀኝ።» ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ።

ክፍሉ ቅባትና የታጠበ አንሶላ ይሸታል። ፀጉር አስተካካዩ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፒጃማው ኪስ ውስጥ ማበጠሪያ ሰክቷል፤ ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሲያያቸው ፊቱ በራ። ስማቸውን ባይጠራም የሱ ሰዎች መሆናቸውን ያውቃል፤ ጎሚስታውን ሲያይማ «አንተ ቀጣፊ» አለው። ጎሚስታው በደስታ እንባው መጣ።

ወሬው እንደ ድሮው ለመሄድ ሞከረ። ሙጫው የሚሉትን በረኛ አነሱ፤ ዝናብ በሚወርድበት ጨዋታ ኳሷን ደረቱ ላይ አጣብቆ ጭቃ ውስጥ የተንሸራተተውን። ከዚያ ሁለት እግሩ የማይተዋወቅ የሚመስለውን ቀጭን የመስመር አጥቂ። ፀጉር አስተካካዩ ይስቃል፣ አንዳንዴ ዘግይቶ ይስቃል። አንድ ጊዜ ሻይ ይዛ የገባችውን የራሱን ልጅ «የማን ልጅ ነሽ?» አላት፤ «የርስዎ» ብላ ሻዩን ሰጥታው ወጣች። ማንም ማንንም አላየም።

ልብስ ሰፊው ይሄኔ መተው ነበረበት። አልተወም። ከዛሬ ነገ ይብሳል፤ ነገ ደግሞ ማን ያውቃል? ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ።

«እስኪ ያቺን ጎል ንገራቸው» አለው። «ከሽቦው አጠገብ ሆነን ያየናትን።»

የታመመው ሰው ጣቶች ቆሙ። ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ተሰበሰበ፤ ጀርባው ከትራሱ ተነሳ። «ከሽቦው አጠገብ» አለ። «ሽቦው ሸሚዜን ቀዶብኛል። እናቴ ምን ልትለኝ ነው እያልኩ… ይሄ አብሮኝ ነው፣ ለውዝ ይበላል። ኳሷ ከቀኝ ረጅም መጣች። ሊመታት እግሩን አነሳ፤ ሁለቱ ተከላካዮች ተወረወሩ። አልመታትም! አሳለፋት! እነሱ መሬት ላይ ሆነው፣ እሱ በዝግታ ዞሮ ደረሰባትና በግራ እግሩ ወደ ውስጥ ገፋት። ገፋት ነው የምላችሁ። ከዚያ አልጨፈረም። ኳሷን ከመረቡ አወጣ፣ ብብቱ ሥር አደረጋት፣ እንደተዋሰው ዕቃ ወስዶ መሐል ሜዳ ላይ አስቀመጣት። ሕዝቡ ያብዳል፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።»

ልብስ ሰፊው ለውዙን ራሱ ረስቶት ኖሯል። ወንድሙ በዚያች ክፍል ውስጥ በዝግታ ሲራመድ ታየው፤ ያ አንገት መድፋት የሱ ነው፣ ጆንያ ተሸክሞም ሳይሸከምም እንደዚያው ነበር የሚሄደው። ሹፌሩን አየው። ሹፌሩ አፉን ከፍቷል። እንደዚህ ተነግሮት አያውቅም፤ አምኗል፣ ያስታውቃል።

«ማን ነው ታዲያ?» አለ ጎሚስታው፣ ነገሩን ለማሰር ቸኩሎ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይቺ ግን የምትለቀም አልነበረችም።

«መብረቁ ነዋ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ከመብረቁ ሌላ ማን አለ? ሕዝቡ ሁሉ ሲጠራው አልሰማችሁም?»

ሹፌሩ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። ይህንን ቃል ለመስማት ስንት ዘመን ያጉረመረመ ሰው፣ አሁን የሰማበትን ጆሮ የጠላው ይመስል ነበር። ልብስ ሰፊው «አይደለም» ሊል አፉን ከፈተ። ማሊያው ብቻ ነው የመብረቁ፣ ሰውዬው ጋሼ ነው፣ አብረን አይተናል፣ በል እንጂ ሊለው።

ፀጉር አስተካካዩ የተከፈተውን አፍ አየ። የፊቱ ብርሃን ወዲያው ጠፋ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ።

«ተሳሳትኩ እንዴ?» አለ። «ደግሞ ተሳሳትኩ? አይቻለሁ እኮ። እኔ አይቻለሁ።» ብርድ ልብሱን ጨመደደው። «ለምን ዝም ትላላችሁ? ጠይቁኝ እንጂ! ሕግ አለ አይደለም? ማን አብሮህ አየ በሉኝ!»

ኋላ ሹፌሩ፣ ከወለሉ ቀና ሳይል፣ ቀስ ብሎ «ማን አብሮህ አየ?» አለው።

የታመመው ሰው ጣቱን ወደ ልብስ ሰፊው ቀሰረ። «እሱ» አለ። «እሱ አብሮኝ ነበር። አልነበርክም?»

ልብስ ሰፊው ተናደደ። በወንድሙ ዕድል ተናደደ፤ በሞቱ እንኳ ተቀያሪ በሆነው። በገዛ ራሱ ተናደደ፤ ንገራቸው ያለው ማን ሆነና! የሚናደድበት ሰው ግን ፊቱ ላይ እንባ ያቀረረ፣ ፒጃማ የለበሰ ሽማግሌ ነበር፤ ወንድሙን በየእሁዱ ዓይኑን አስይዞ ሲያኖርለት የኖረ ሰው።

«ነበርኩ» አለ። «አብሬህ ነበርኩ። መብረቁ ነው። እኔም በዓይኔ በብረቱ።»

«አላልኳችሁም!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ወደ ትራሱ ተመልሶ ሳቀ፣ እንባውን በመዳፉ ጠረገ። «ይኸው ምስክር!»

«ተቆጥሯል» አለ ሹፌሩ። ድምፁ ለራሱም የተሰማ አይመስልም።

ጎሚስታው መቀመጥ አቃተው። አንድ ነገር መንፋት ፈለገ፣ ቀዳዳ መድፈን ፈለገ። «ግን የሱም ወንድም እኮ…» አለ ወደ በሽተኛው ዘንበል ብሎ። «ወንድሙም ትልቅ ተጫዋች ነበር። አንዲት ጎል አግብቷል።»

«እውነት?» ፀጉር አስተካካዩ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ፤ ደስ ብሎታል፣ ዓይኑ ጠርቷል። «ወንድም ነበረህ? ይጫወት ነበር? አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ማን አብሮህ አየ?»

ልብስ ሰፊው የወዳጁን እጅ አየ፤ አሁን ተረጋግቶ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቷል። «ማንም» አለው። «ብቻዬን ነበርኩ።»

ፀጉር አስተካካዩ አዘነለት። እጁን አንስቶ የልብስ ሰፊውን ጉልበት መታ መታ አደረገ፤ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ድምፁን አለሰለሰ።

«ምን ታደርገዋለህ ወንድሜ» አለው። «ሕግ ሕግ ነው።»

«ልክ ነህ» አለ ልብስ ሰፊው።