ብርጭቆ አይለሰንም

“ግድግዳውን እንዳትደገፍ፣ አባዬ። አሁን ነው የታጠበው።”

አባትየው ቀና አለ። ዕድሜ ልኩን ግድግዳ ሲያቆም የኖረ ግንበኛ ግድግዳ እንዳይነካ ይከልከል? ጉድ እኮ ነው። ልብሱ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ እንዳለ ስለሚያውቅ ግን አፉን ይዞ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

ወደ ኬክ ቤቱ ጓዳ የመጣው ሴት ልጁን ይዞ ሊሄድ ነው። ቤቱን የለሰነለት አንድ የቢሮ ኃላፊ፣ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ፣ መዝገብ ቤት ሊቀጥራት ቃል ገብቶለታል። “እስከ ስድስት ሰዓት ካላመጣሃት ቦታው የሌላ ሰው ነው” ብሎታል። አሁን አምስት ሰዓት አልፏል። ለአባትየው ሥራ ማለት ወንበርና ጠረጴዛ ያለው ነው። ክሬም መምታት ደግሞ ምኑ ሥራ ይባላል?

“አሥር ብርጭቆ ብቻ ልጨርስ” አለች ልጅቷ እጇን ሳታቆም። “ለማታ ግብዣ የታዘዘ ነው። ከዚያ እንሄዳለን። መቼም አንተን እምቢ ብዬ አላውቅ።”

“ምንድን ነው እሱ?”

“ቲራሚሱ ይባላል፣ የጣሊያኖች ነው። ብስኩት፣ ቡና፣ ክሬም፣ በቃ።”

“በቃ ከሆነማ ቶሎ በይዋ።”

ቶሎ አላለችም። የእንቁላሉን አስኳል ከስኳር ጋር እንፋሎት ላይ መታችው፤ ብጫው እየነጣ፣ እያበጠ መጣ። ለስላሳ አይብ ጨመረችበትና ማንኪያውን ገለበጠችው። ክሬሙ አልወደቀም። አባትየው አንገቱን አሰገገ። አርባ ዓመት ሲሚንቶ ሲያቦካ እንዲህ ያለ ልክ ያገኘበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው።

ብስኩቱን ቀዝቃዛ ጥቁር ቡና ውስጥ ነክራ ወዲያው አወጣችው።

“ምነው ጥድፊያው? ይጠጣ እንጂ።”

“ከቆየ ይሟሟል። ካነሰው ደግሞ መሃሉ ደረቅ ይቀራል።”

“ጡብ ውሃ ሲነከርም እንደዚያው ነው” አለ ሳያስበው።

ብስኩቱን ብርጭቆው ግርጌ አነጠፈች፤ ክሬሙን ከከረጢት እየጨመቀች ዳር ዳሩን ዞረች። ደግሞ ብስኩት፣ ደግሞ ክሬም። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንድ ዓይኗን ጨፍና ከጎን አየችው። አባትየው ያንን አጎነባበስ ያውቀዋል፤ የራሱ ነው። ማን አስተማራት? ልጅ ሆና ምሳ ስታመጣለት አይታው ይሆን?

አሥሩም ተደረደሩ። ቡናማውና ነጩ መስመር ከመጀመሪያው ብርጭቆ እስከ መጨረሻው በአንድ ከፍታ ይሄዳል። ያለ ገመድ፣ ያለ ውሃ ልክ! ግንበኛው ከበርጩማው ተነስቶ ኮፍያውን አወለቀ።

ልጅቷ ግን አንዱን ብርጭቆ ወደ ጎን ገፋችው።

“ምን ሆነ?”

“እዚህ ጋ ክሬሙ ወደ ታች ፈሷል።”

መነጽሩን አድርጎ ፈለገ። የፀጉር ያህል ናት። “ይቺን ማን ያያታል? ከላይ የምትነሰንሽው ካካዎ አለ አይደል? ሸፍኛት።”

“ካካዎ ላዩን ነው የሚሸፍነው፣ አባዬ። ጎኑ ብርጭቆ ነው። አይለሰንም።”

አባትየው ስንት ጠማማ ግድግዳ፣ ስንት የተሸረፈ ጡብ በልስን ሸፍኖ ተመስግኖ ወጥቷል። እሷ መሸፈኛ በሌለው ነገር ላይ ነው የምትሠራው፣ ያውም በየቀኑ። አፈረ፤ ኮራም። የቱ እንደሚበልጥበት አላወቀም።

“አዲስ እስክሠራ ይቺን አንተ ብላት” ብላ ማንኪያ ሰጠችው።

ማንኪያውን ከላይ እስከ ታች ሰደደና ጎረሰ። መጀመሪያ ጣፈጠው፣ ቀጥሎ መረር አለው፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ሆኑ።

“አልወደድከውም?”

“ቆይ፣ አታናግሪኝ።”

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ልጅቷ የመጨረሻውን ብርጭቆ ፍሪጅ ውስጥ አስገባች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ ጣቶቿ ግን የሽርጧን ቋጠሮ በስንት ትግል ፈቱት። “እንሂድ፣ ሰዓቱ ደርሷል” አለች።

አባትየው ስልኩን አወጣ።

“ጌታዬ፣ የልጄን ነገር ነው። አይ፣ አትመጣም። ልፋትዎን አውቃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ምን አግኝታ ነው አሉኝ?” ያጋመሰውን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። “እኔ የማልችለውን ሥራ ይዛለች።”

ሰውየው ጆሮው ላይ ዘጋበት። አባትየው ስልኩን ኪሱ ከቶ ወደ ልጁ ዞረ።

“በይ፣ ሽርጥሽን እሰሪ” አላት።