የላይኛው ግራ ጥግ

ሰዓት ሠሪውን «ጎ» በሚባለው ጨዋታ ክበብ ውስጥ ሁሉም «ሚዛን» ይለው ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት እህቱና መታወቂያው ብቻ ነበሩ።

ጎ አሥራ ዘጠኝ መስመር ቁልቁል፣ አሥራ ዘጠኝ መስመር አግድም በተሰመረበት ሰሌዳ ላይ ሁለት ሰዎች በየተራ ጥቁርና ነጭ ጠጠር እያስቀመጡ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። አንዴ የተቀመጠ ጠጠር አይነቃነቅም፤ ዙሪያው ተከቦ መውጫ ካጣ ግን እንደ ሞተ ተቆጥሮ በቆጠራው ጊዜ ይለቀማል። በስተመጨረሻ ካጠረው ባዶ ቦታና ከለቀመው ጠጠር ብዙ ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል። ሲናገሩት ቀላል ነው። መከራው ያለው ጨዋታው መሃል ሲደርስ ማን እየመራ እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው። አጥሩ አላለቀ፣ ጠጠሩ ይሙት ይኑር አልለየ፣ ሁለቱም ተጫዋቾች አሸናፊ ነኝ ብለው ያስባሉ። ሚዛን ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆምና ሰሌዳውን አንዴ ቃኝቶ «ነጭ፣ በአምስት» ይላል። አልቆ ሲቆጠር አራት ወይም ስድስት ቢሆን እንጂ ከዚያ አይርቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር።

ራሱ ሲጫወት ለወሬ የሚበቃ አልነበረም፤ እጁ ፈሪ ነው። ያለውን ሁሉ ያፈሰሰው በእህቱ ልጅ ላይ ነበር። አባቷ የሞተው ሰባት ዓመቷ ላይ ነው። እናቷ ልብስ ስፌት ላይ ስትውል ልጅቷ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ አጎቷ ሱቅ ትመጣለች፤ እሱ ማጉያውን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጥርስ ካላቸው ትንንሽ መዘውሮች ጋር ሲታገል እሷ ከጎኑ ሰሌዳ ዘርግታ ጠጠር ትደረድራለች። ቀና ሳይል «ማን ይመራል?» ይላታል። «ጥቁር።» «በስንት?» «በ... ብዙ።» «ብዙ ቁጥር አይደለም። እንደገና ቁጠሪ።»

ደጋግሞ ያስተማራት አንድ ነገር ነበር። «መጀመሪያ የት እንዳለሽ እወቂ፣ ከዚያ ነው የት እንደምትሄጂ የምትመርጪው። የሚመራ ሰው በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ የተመራ ሰው ነው የሰው አጥር የሚዘልለው። እየመሩ አጥር መዝለል ግን እብደት ነው።»

ልጅቷ አደገች፤ ክሊኒክ ውስጥ ደም መርማሪ ሆነች። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ሴል ስትቆጥር ትውልና ከሥራ መልስ ክበቡ ውስጥ የተቀመጠውን ሁሉ በየተራ ታሸንፋለች። ማንም ሲያመሰግናት «የአጎቴ ነው» ትል ነበር። እውነትም በጨዋታ መሃል ስትጠራጠር ቀና ብላ የሱን ፊት የመፈለግ ልማድ ነበራት።

ሃያ አራት ዓመት ሲሞላት ትልቁ ዕድል መጣ። ባሕር ማዶ ያለ አንድ የጎ ትምህርት ቤት ከክበባቸው አንድ ሰው፣ ዕድሜው ከሃያ አምስት ያልበለጠ፣ ለአንድ ዓመት ተቀብሎ ሊያሠለጥን ጻፈ። ማጣሪያው ሲካሄድ ከርሞ ሁለት ሰው ቀረ፤ እሷና አንድ ፋርማሲስት። ፋርማሲስቱ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎበዝም ነው። ግን ከእሷ አይበልጥም። ይህንን እሱም አይክድም ነበር።

በዚያው ዓመት ሰዓት ሠሪው ዓይኑ ላይ የሆነ ነገር መጥቶበት ነበር። ከጠረጴዛው ዳር ያስቀመጠው ብሎን ይጠፋበታል፤ ሲፈልገው እዚያው ነው። የበር መቃን ትከሻውን ይመታዋል። መንገድ ላይ ሰው ከጎኑ ድንገት ብቅ ይልበትና ይደነግጣል። «ድካም ነው» አለ ለራሱ። ዓይኔ ደከመ ያለ ሰዓት ሠሪ ሱቁን በገዛ እጁ ዘጋ ማለት ነው። ክበብ ውስጥ ደግሞ፣ ከዓይኑ ሌላ ምን አለውና? ለእህቱም፣ ለልጅቷም፣ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

የመጨረሻው ጨዋታ ቅዳሜ ጠዋት ክበቡ በሚሰበሰብበት ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ ተጀመረ። ልጅቷ ጥቁር ያዘች። ተመልካቹ እንዳይጠጋ ከተዘረጋው ገመድ ወዲያ ቆሞ ያያል። ቀትር ላይ ለምሳ ዕረፍት ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። በዕረፍቱ ማንም ሰው ተጫዋቾቹን ስለ ጨዋታው ማናገር አይችልም። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ የጣሰ ተጫዋች ይባረራል።

ሰዓት ሠሪው ገመዱ ጥግ ላይ ቆሞ ሰሌዳውን እንደ ልማዱ አንዴ ቃኝቶ ወጣ። ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ቧንቧ ጋ ልጅቷ ፊቷን ስትታጠብ አገኛት። ሰው አልነበረም።

«አጎቴ፣ አየኸው?»

«አየሁት።»

ውሃው ከአገጯ ይንጠባጠባል። መጠየቅ እንደሌለባት ታውቃለች፤ መናገር እንደሌለበት ያውቃል። ግን አሥራ ሰባት ዓመት ያስለመዳት ነገር ነውና ዓይኗ ጠየቀው፤ የሱም ምላስ ቀደመው።

«ተበልጠሻል። በሰባት።»

«በሰባት?»

«በሰባት። አጥር ካልዘለልሽ አለቀልሽ።»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የሆነ ነገር ልትል ነበር፤ ተወችው። ደንግጣ ነው ብሎ አሰበ። ትከሻዋን መታ መታ አድርጓት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ጠጠር ያስቀመጠችው በቀኝ በኩል፣ ነጭ አጥሮ በጨረሰው ሰፊ ቦታ መሃል ነበር። ከገመዱ ወዲያ ያለው ሰው አጉረመረመ። ፋርማሲስቱ ቀና ብሎ አያት፤ የተሳሳተች መስሎት ይመስላል። ከዚያ ረጅም ጊዜ አሰበና መውጫዋን ዘጋ። እሷ ገፋች፤ እሱ ዘጋ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አሥራ ሁለት ጥቁር ጠጠሮች ነጭ ግድግዳ ውስጥ ታፍነው ቀሩ። ልጅቷ ለአፍታ ተመለከተቻቸው፤ ከዚያም ሁለት ጠጠር ሰሌዳው ዳር አስቀመጠች። ተሸንፌያለሁ ማለት ነው።

ሰው ሰሌዳውን ከበበው። ፋርማሲስቱ ላቡን እየጠረገ «እኔ እኮ ምሳዬንም አልበላሁ፤ እየተመራሁ ነበር» አለ። «የላይኛው ግራ ጥግ ላይ አምስት ጠጠሮቼ ሞተውብኛል። ለምን እንደገባች አልገባኝም።»

ሰዓት ሠሪው ጭንቅላቱን ወደ ላይኛው ግራ ጥግ አዞረ። ሙሉ በሙሉ ሲያዞር ብቻ ነው የታየው፤ መጨረሻው መስመር ላይ፣ ከሰሌዳው ጠርዝ ተጣብቃ፣ አንዲት ጥቁር ጠጠር። ጠዋት ልጅቷ ያስቀመጠቻት ናት። አምስቱን ነጮች መውጫ አሳጥታ የገደለቻቸው እሷ ናት። እሱ ግን ሕያው ናቸው ብሎ ቆጥሮ ነበር። አምስት የሞቱ ጠጠሮች፣ እነሱ ሲለቀሙ የሚለቀቅ አምስት ቦታ፤ አሥር ነጥብ። ልጅቷ በሰባት አልተበለጠችም። በሦስት ትመራ ነበር። በሯን ዘግታ ብትቀመጥ ኖሮ ባሕር ተሻግራ ትሄድ ነበር።

«ሚዛን!» አሉ የክበቡ ሊቀ መንበር፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። «እስቲ አንተ ተናገር። ልጅቷን ምን ነካት?»

ሁሉም ዞሮ አየው። ሃያ ዓመት እንዲህ ዞረው አይተውታል፤ ሃያ ዓመት መልስ ነበረው። ያን ጊዜ «አላውቅም» ማለት ይችል ነበር። ራሴን አሞኛል ብሎ መውጣትም ይችል ነበር።

«ስስት ነው» አለ። «እየመራች መሆኗን እያወቀች ሁሉንም ልጠቅልል አለች። እኔ እንዲህ አላስተማርኳትም።»

«ወይ ስስት!» አሉ ሊቀ መንበሩ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

በስተግራው በር አጠገብ ልጅቷ ኮቷን በክንዷ ይዛ ቆማ ነበር። እሱ አላያትም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ ሲሉ ነው የነቃው፤ ዞር ሲል በሩ ተዘግቷል።

ከዚያ በኋላ ክበብ አልመጣችም። ፋርማሲስቱ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። በሁለት ወር ውስጥ ክበቡ ውስጥ አዲስ አባባል ተፈጠረ፤ ሰው እየመራ ባጉል ድፍረት ሲሸነፍ «የደም መርማሪዋን አጥር ዘለለ» ይሉና ይስቃሉ። ሰዓት ሠሪው መጀመሪያ አብሮ አልሳቀም። በኋላ ዝም ማለቱ እንዳያስጠረጥረው ፈገግ ማለት ጀመረ።

በአራተኛው ወር ከደረጃ ላይ ወደቀና ያለ ፍላጎቱ የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀረበ። ሐኪሟ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጣው፣ መብራት ሲታይህ ቁልፍ ተጫን ብላ መረመረችውና የውጤቱን ወረቀት ይዛ ወጣች። «የዓይን ግፊት ነው» አለችው። «እይታን ከዳር ጀምሮ ይበላል። መሃሉ ደህና ስለሆነ ሰው አይነቃም። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እንጠብቃለን።»

ሰዓት ሠሪው ወረቀቱን ተቀብሎ ሲወጣ ማዘን ሲገባው ቀለል አለው። ምክንያት አገኘ። ሆን ብዬ አይደለም፤ ዓይኔ ነው። ይኸው፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት። በቀጥታ ልጅቷ ወደምትሠራበት ክሊኒክ ሄደ።

ላብራቶሪው በር ላይ ነጭ ጋውን ለብሳ አገኛት። ከስታለች። ወረቀቱን ዘረጋላት። እንደ ባለሙያ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ጠብታውን በሰዓቱ ይውሰዱ» አለችው። «እንዳያቋርጡት።»

ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ «አንተ» ስትለው የኖረች ልጅ «እርስዎ» ስትለው ጆሮውን ማመን አቃተው።

«ልጄ፣ ያን ቀን... ጥጉ አልታየኝም። የነገርኩሽ ስህተት ነበር። አንቺ እኮ...»

«በሦስት እመራ ነበር።»

«ታውቂያለሽ?»

«ያኔም አውቅ ነበር። ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ነው ወደ ቧንቧው የሄድኩት። በሦስት። እርስዎ በሰባት ተበልጠሻል ሲሉኝ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኩ።» ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችለት። «የእርስዎ ቁጥርና የእኔ ቁጥር ሲለያይ የእኔን ነበር የምጥለው። ሁልጊዜ።»

«እንግዲያው ይቅርታ አድርጊልኝ። ዓይኔ...»

«ዓይንዎን ምንም አላልኩም። ሰው ዓይኑ ይታመማል።» ድምጿ ከፍ አላለም። «አፍዎስ? አፍዎ ምን ሆኖ ነበር? በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ፋርማሲስቱ ጥጉን ካሳየዎት በኋላ ነው የተናገሩት።»

ኮሪደሩ ላይ ቁጥር ይዘው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ያዩዋቸዋል። ሰዓት ሠሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዛሬውኑ ክበብ ሄጄ ለሁሉም እናገራለሁ። እኔ ነኝ ያሳሳትኳት እላለሁ።»

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ባታደርገው ይሻል ነበር። «ምን ብለው? በዕረፍት ሰዓት ተደብቄ መከርኳት ብለው? እስካሁን ስስታም ነኝ፤ ከዚያ በኋላ አጭበርባሪ ልሁን? ስስታሟ ይሻለኛል። ለማንም እንዳይናገሩ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ምንም። የሚደረግ ነገር የለም። ያንን እኮ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ የተቀመጠ አይነሳም።» በሩን በትከሻዋ ገፋችና «ናሙና እየጠበቀኝ ነው» ብላ ገባች።

በወሩ ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል ሥራ አግኝታ ሄደች። ለእናቷ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ እሱን በስም አታነሳውም፤ እናቷ ካነሳችው «ሰላም በይልኝ» ትላለች። ሰዓት ሠሪው ሱቁን ለሌላ ሰው አስረክቦ ከእህቱ ጋር መኖር ጀመረ። ክበብ ለጥቂት ጊዜ ሄደ። የሰሌዳውን አራት ጥግ በየተራ ጭንቅላቱን እያዞረ ካላየ መቁጠር ስለማይችል ሰው ትዕግሥቱ ያልቅበታል። ከዚያ ቀረ።

ለክትትል ሐኪም ዘንድ የምትወስደው እህቱ ነበረች። አንድ ቀን የዓይን ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ሲጠብቁ ተነፈሰች።

«ይቺ ልጅ ግን ምን ሆነች? አንተ ዓይንህን ታመህ አንድ ቀን መጥታ አትጠይቅም? አባት ሆነህ ያሳደግካት አንተ አይደለህም እንዴ?»

ሰዓት ሠሪው ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ አየ።

«ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አለ።

«ሥራ! ውለታ ቢስ ሆናብኝ ነው እንጂ። እኔ ራሴ አፍራለሁ በእሷ። ያን ውድድርም በስስቷ ነው ያጣችው ይላሉ ሰዎች። እውነት ነው?»

ነርሷ የሰው ቁጥር ጠራች፤ የሱ አልነበረም።

«ልጅነት ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ተያት፤ እኔ አልተቀየምኳትም።»

እህቱ በወንድሟ ልበ ሰፊነት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችውና ሌላ ጥያቄ ሳትጠይቀው ተራቸው እስኪደርስ አብራው ተቀመጠች።