የቀለበት ጣት

ረፋዱ ላይ ቀና ስል መቀሱ ከምስማሩ አልወረደም። ማታ እንደሰቀልኩት ነበር፤ እጀታው ላይ ያሰርኩባት ቀይ ጨርቅ እንኳ አልተነካችም።

ያን ቀን ማለዳ የልጄን የአስቴርን ጣት በነጭ ክር ጠቅልዬ ነበር። ቋጠሮውን አጥብቄ ትራፊውን ልቆርጥ እጄን ወደ መቀሱ ስዘረጋ የፋብሪካው ፊሽካ ጮኸ። «እማዬ፣ በር ይዘጋብኛል!» ብላ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። እኔም የቆረጥኩላት መስሎኝ ወደ ጓዳ ገባሁ። ለካስ አልቆረጥኩም። ስንዝር የሚያህል ክር ከእጇ ላይ ተንጠልጥሎ ሄዷል። የምትሠራው ደግሞ መፍተያ ክፍል ነው፤ የሚዞረው ነገር ሁሉ ክር የሚስብበት ቦታ።

ክሩን ለምን እንደጠቀለልኩ ልናገር።

ከሦስት ቀን በፊት ሕልም አይቼ ነበር። አስቴር ዳቦ ስጪኝ ብላ ግራ እጇን ትዘረጋልኛለች። የቀለበት ጣቷ የለም። ደም የለ፣ ቁስል የለ፤ ቦታው ከመጀመሪያውም ጣት ያልበቀለበት ይመስል ልሙጥ ነው። እሷ ትስቃለች።

እኔ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተምሬአለሁ። የሳይንስ መምህራችን ሕልም ማለት አእምሮ ቀን ያየውን ሌሊት ሲያመሰኳው ነው ይሉን ነበር። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ለፈተናም መልሼዋለሁ። እናቴ ያስተማረችኝ ግን ደብተር ላይ ስላልተጻፈ የሚፋቅ አልሆነም። ጥርስ ዘመድ ነው፤ የላይኛው የአባት ወገን፣ የታችኛው የእናት። ዓይን ልጅ ነው። ቀኝ እጅ ወንድም ነው። የቀለበት ጣት ደግሞ የቀለበቱ ባለቤት ነው።

የቀለበቱ ባለቤት አምባው ይባላል፤ ድሬዳዋ በሚመላለሰው ባቡር ላይ ይሠራል። ከፋሲካ በኋላ ሊጋቡ ነበር። ሕልሙን ያየሁ ጊዜ እሱ መንገድ ላይ ነው። ድልድዩ፣ ሐዲዱ፣ የአዋሽ በረሃ፣ ሽፍታው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታየኝ።

ጎረቤታችን እማማ ዳሲቱ ዘንድ ሄድኩ። ባቡሩ መጀመሪያ አቃቂ ሲደርስ ልጅ ነበሩ ይባላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሕልሙን የሚያስፈታው እሳቸው ዘንድ ነው።

«መልካም አይተሻል» አሉኝ ገና ሳልጨርስ። «ጣት ከእጅ ሄደ ማለት ልጅ ከቤት ወጣች ማለት ነው። ሳቀች አላልሽም? ሠርግ ነው።»

«ጣቱ እኮ የለም፣ እማማ።»

«ስታገባስ አንቺ ቤት ልትኖር ነው እንዴ?»

«የቀለበቱ ጣት መሆኑ ነው የከበደኝ። ልጁ መንገድ ላይ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ! ሠርግ ብታልሚ እንኳ ድንኳኑ ወደቀ ብለሽ የምትፈቺ ነሽ። እኔ በመልካም ፈትቼልሻለሁ። እንደገና እንዳትፈቺው።»

እሺ ብዬ ተነሣሁ። ደጃፋቸውን ሳልሻገር እንደገና ፈታሁት።

እሑድ ማታ አስቴር እንደ ልማዷ ቀለበቷን አውልቃ መደርደሪያው ላይ ካለችው ብርጭቆ ልትጨምር ስትል እጇን ያዝኳት።

«አምባው እስኪገባ አታውልቂው።»

«ካቦው ያባርረኛል እኮ! ቀለበት፣ አምባር፣ የተለቀቀ ጸጉር፣ ሁሉም ክልክል ነው።»

«በክር እጠቀልልልሻለሁ። ካየብሽ ቁስል ነው ትይዋለሽ።»

ሳቀች። «ደግሞ ምን ታየሽ? ባለፈው በሕልምሽ ጥርስሽ ወልቆ ሦስት ቀን መርዶ ስትጠብቂ የሞተችው የእትዬ አማረች ፍየል ናት። ለመሆኑ ፍየሏ በአባትሽ ወገን ነበረች በእናትሽ?»

እኔ አልሳቅሁም። ፊቴን ስታይ እሷም ተወችው።

«አንድ ቀን ነው» አልኳት። «ነገ ማታ ይገባ የለ?»

«እሺ፤ አንቺ እንቅልፍ እንዲወስድሽ ብዬ ነው።»

እንግዲህ ሰኞ ረፋዱ ላይ መቀሱን ከምስማሩ ነጥቄ የወጣሁት ለዚህ ነው። በሩን ዘግቼ ይሁን ከፍቼ አላውቅም። ከቤታችን እስከ ፋብሪካው ሩብ ሰዓት ያስኬዳል፤ ያን ቀን እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም።

ዘበኛው ኦላና ከበሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። «ምነው እትዬ ብዙወርቅ፣ መቀስ ይዘው? ማንን ሊሸልቱ ነው?»

«አስቴርን ጥራልኝ። ክር ልቆርጥላት ነው።»

«ክር?» ብሎ ሳቀ። «እዚህ ግቢ ከክር በቀር ምን አለ ብለው ነው? እሱን ሲቆርጡማ እስከ ጥምቀት አይጨርሱም!»

«ጥራልኝ አልኩህ፣ ኦላና።»

ሊነሣ ሲል ከጀርባው የካሚዮን ጥሩምባ ጮኸ፤ ደጋግሞ ጮኸ። ኦላና ዘሎ በሩን ከፈተው። ካሚዮኑ በአጠገቤ ሲያልፍ ልጄን ከሹፌሩ ጎን አየኋት። ግራ እጇ በጥጥ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ ነው። ጥጡ ነጭ አልነበረም። እሷም አየችኝ፤ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ መቀሱን።

ሐኪሙ ሌሎቹ ጣቶች ተርፈዋል አሉን። የክሩን ጫፍ የሚዞረው ብረት ይዞት፣ ክሩ ቀለበቱን፣ ቀለበቱ ጣቷን ጎትቷል። የቀለበት ጣቷን ከሥሩ ቆረጡት።

አምባው ያንኑ ቀን ማታ በሰላም ገባ። አንድ ዘንቢል የድሬዳዋ ብርቱካን ይዞ ቤታችን ቢመጣ ሰው አጣ፤ ዘንቢሉን እማማ ዳሲቱ ዘንድ አስቀምጦ ሄደ። ድልድዩ አልተሰበረም። ሽፍታ አልመጣም። የፈራሁለት ሰው ብርቱካን ሲመርጥ ነበር የዋለው።

አባቷ ቀናው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ደንብ አክብሮ የኖረ ሰው ነው። ከሐኪም ቤት በወጣች ሰሞን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት። «ቀለበት ክልክል ነው ተብላችሁ አልነበረም?»

እኔ ምድጃው አጠገብ ነበርኩ።

«ረስቼው ነው፣ አባዬ» አለች።

«ክሩስ?»

«ጣቴን ልጦኝ ነበር፤ አስሬው ነው።»

አላየችኝም። እኔም አፌን አልከፈትኩም። ነገ እናገራለሁ እያልኩ አንድ ወር ሄደ። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ነገሩ ሰፈሩን ሁሉ ዞረ። ካቦው ለሠራተኛው ሁሉ ትእዛዝ የጣሰች ልጅ ብሎ በስሟ አስተማረበት። ወደ ሥራም አልመለሷትም። አምባው ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሳይቀመጥ ነው የሄደው። ቁስሉ ዳነ። ፋሻው ሲፈታ ቦታው ልሙጥ ነበር፤ ልክ እንዳየሁት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የአምባው ወላጆች ሽማግሌ ላኩ። አቶ በቀለ ናቸው፤ የአምባው አጎት። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ብዙ ዙሪያውን ሄዱ። በመጨረሻ «ስለ ጣቷ አይደለም፤ እሱ የእግዜር ነው» አሉ። «ቤተሰቡ የሚለው፣ አድርጊ የተባለችውን የማትሰማ ልጅ ትዳር ውስጥ እንዴት ትሆናለች ነው። ለጊዜው ይቆይ።»

አስቴር ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ሰምታለች። አልወጣችም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ቀናው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እዚያው ቀረ። መሸ። ፋኖሱን አብርቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ቀለበቱን አታውልቂ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «ክሩንም የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ትራፊውን ያልቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ያልገባው መሰለኝ። ስለ ሕልሙም፣ ስለ አምባው መፍራቴም፣ እማማ ዳሲቱ ስለነገሩኝም ሁሉን ነገርኩት። አስቴር መጋረጃውን ገልጣ ቆመች።

«አንድ ወር!» አለ ቀናው። «አንድ ወር ልጄን በዓይኔ ስገርፋት አጠገቤ ተቀምጠሽ!»

«አዎ።»

«ተዋት፣ አባዬ» አለች አስቴር። «እሺ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ዝም በይ። እሺ ባይ መሆንሽን ነው አሁን ገና የሰማሁት።» ወደ እኔ ዞረ። «ነገ ማለዳ በቀለ ቤት እንሄዳለን። እኔ አልናገርም። የምትናገሪው አንቺ ነሽ፤ እንዳሁኑ አንድ ሳታስቀሪ።»

«እናገራለሁ።»

«ቢመለሱስ?» አለች አስቴር። «ቢመለሱም በየትኛው ጣቴ እንደማደርገው ትነግሩኛላችሁ?» የጠየቀችው ስለ ቀለበቱ ነው። ቀለበቱን ሐኪም ቤት በመቁረጫ ነበር ያወጡት፤ በወረቀት ጠቅልለው ለእኔ ነው የሰጡኝ፤ እስከ ዛሬ አልፈታሁትም።

የላይኛው ጥርስ የማን እንደሆነ፣ የታችኛው የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ዓይን ሲጠፋ፣ ጸጉር ሲረግፍ፣ ቀኝ እጅ ሲዝል ለማን እንደሚፈራ አውቃለሁ። ጣት ጣት ሊሆን እንደሚችል ግን ማንም አላስተማረኝም።

በራችን ባለፈው ክረምት ዝናብ አብጧል። መቀርቀሪያው እንዲገባ በግራ እጅ በሩን ወደ ላይ ደግፎ በቀኝ መግፋት ያስፈልጋል። መጨረሻ የምትገባው አስቴር ስለነበረች መዝጋቱ የእሷ ሥራ ነበር። ከተቆረጠች ወዲህ ግን እሷ ሳታስበው እየቀደምኩ እዘጋው ነበር።

ትናንት ልነሣ ስል እሷ በሩ አጠገብ ደርሳለች። ግራ እጇን ከበሩ ሥር ሰዳ ደገፈችው። ተንሸራተተባት። እንደገና ሞከረች። ልሙጡ ቦታ እንጨቱን ሲነካው ከንፈሯን ነከሰች።

«ቆይ፣ እኔ...»

«ተቀመጪ፣ እማዬ።»

ተቀመጥኩ። ቀናውም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሦስተኛው በእጇ ሳይሆን በክንዷ ገብታ፣ በሩን በትከሻዋ አንሥታ ያዘችው። በቀኝ እጇ ገፋችው። መቀርቀሪያው እየጮኸ ሄደና ገባ።