ከሦስት ሺህ ቃል በላይ

ሚጢ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። የልጅነት ቅጽል ስሟ ግን ሽበት ጣል ጣል ካደረገባት በኋላም አልለቀቃትም። ሥራዋ መድኃኒት ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ ዶሮ የጫረው የመሰለ የሐኪም ጽሑፍ ስትፈታ ትውላለች። በምሳ ሰዓት ደግሞ ዕቃ ክፍል ትገባና ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷ ላይ ደብተር ዘርግታ ትጽፋለች። አራት ዓመት እንዲህ ስትጽፍ ዳር የደረሰላት አንድ ታሪክ ብቻ ነው።

አንድ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አጫጭር ልብ ወለዶችን እንደሚቀበል ማስታወቂያ ያወጣ ዕለት አንድ ቦታ መርጋት አቃታት። መመሪያው እንዲህ ይላል፦ ከሦስት ሺህ ቃል ያልበለጠ፣ ከዚህ በፊት ያልታተመ፣ የጸሐፊው ስም ያልሰፈረበት፤ የመጨረሻው ቀን ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት። የእሷ ታሪክ አራት ሺህ አንድ መቶ ቃል ነበር። ዕለቱ ደግሞ ሰኞ።

ታሪኩ ልብ ወለድ ይባል እንጂ የቤታቸው ጉድ ነው። ልብስ ሰፊ የነበረችው እናታቸው የምትሠራበት ክፍል አንድ ጠዋት በእሳት ጋየ፤ የደንበኞች ልብስ አንድ ሳይቀር ዐመድ ሆነ። ሰበቡ እንደተሰካ የቀረ ካውያ ነበር። ያን ጠዋት ዩኒፎርሟን የተኮሰችው የአሥራ ሦስት ዓመቷ የሚጢ ታላቅ እህት ስለነበረች ጥፋቱ እሷ ላይ ተላከከ። እናትየው አልመታቻትም፤ ግን ፊቷን ማየት አልሆነላትምና ሌላ ከተማ ወደምትኖር አክስታቸው ሰደደቻት። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለስ እኩዮቿ ጥለዋት ሄደዋል፤ ትምህርቷም በዚያው ተቋረጠ። ሚጢ ይህን ሁሉ የጻፈችው በታናሿ ልጅ ዓይን ነው።

ሰኞ ቅጽሎቹን ለቃቅማ አወጣች። ማክሰኞ አንዲት ወሬኛ ጎረቤት ከነልጆቿ ከታሪኩ ተባረረች። ነገሩ ግን አልገፋ አለ፤ ከአንድ ቦታ ሃምሳ ቃል ስታነሣ ሌላ ቦታ ስልሳ በቅሎ ታገኛለች። ሥራ ላይም ሐሳቧ ተበትኖ ለአንድ ሽማግሌ ኪኒን ስትሰጥ «በቀን ሦስት ሺህ» አለቻቸው። ሽማግሌው ኪኒኑን አገላብጠው አይተው፣ «ልጄ፣ ልትገላግይኝ ነው?» ብለው ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱን ማዘዣ ሁለት ሁለት ጊዜ ማንበብ ጀመረች።

የመድኃኒት ቤቱ ሒሳብ ተቀባይ ያገኘችውን ሁሉ የምታነብ፣ የመድኃኒት መግለጫ እንኳ የማታልፍ ሴት ናት። ሚጢ ረቡዕ ዕለት ጽሑፉን ሰጠቻት። ሐሙስ ጠዋት በእርሳስ አንድ ምልክት ብቻ አድርጋ መለሰችላት።

«አልቅሼበታለሁ» አለቻት። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ትንሿ ልጅ ያን ጠዋት ለትምህርት ቤት እስክትጠራ ድረስ ተኝታ ነበር ብለሻል አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ገጽ ሰባት ላይ ትምህርት ቤት ስትደርስ፣ ሪባኗ ገና ትኩስ ነበር ይላል። ማን ተኮሰላት?»

ሚጢ ስሕተት ነው ብላ ወረቀቱን ተቀበለች። ስሕተት ግን አልነበረም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ራሷ ጽፋ፣ መቶ ጊዜ አንብባ፣ አንድም ቀን ልብ አላለቻትም። ያን ጠዋት እህቷ ወጥታ ከሄደች በኋላ የዘጠኝ ዓመቷ ሚጢ ቀስ ብላ ገብታ ካውያውን ሰክታ ነበር። ሪባኗን ተኮሰች፤ ጓደኞቿ ከደጅ ሲጠሯት ካውያውን ጨርቁ ላይ እንደተጋደመ ትታ ሮጠች። ይህን ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እናታቸውም ሳታውቅ ሞታለች።

ዓረፍተ ነገሯን ሰረዘቻት። ከዚያ በኋላ ቃሉ እየረገፈ ሄዶ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ላይ ቆመ። ስሟን አወጣች፤ ገጾቹን ቆጠረች፤ አንድ ቅጂ አተመች። መላክ ብቻ ነበር የቀራት። ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሣች። እኩለ ቀን ላይ አሞኛል ብላ ፈቃድ ጠየቀችና ወደ እህቷ ሄደች።

እህቷ ሁለት ወንበር ያለው ፀጉር ቤት አላት። ሠራተኞቿ ዞር ስትል «እትዬ ንቀሉት» ይሏታል፤ ዘግታ ከወጣች በኋላ መንገድ ላይ አስባው ሶኬቶቹን ለማየት የማትመለስበት ቀን የለም። ሚጢም በዚህ ስም ከእነሱ ጋር ስቃ ታውቃለች።

ደንበኛ አልነበረም። እህቷ ብሩሽ እያጠበች ነበር።

«እታለም፣ ካውያውን የረሳሁት እኔ ነኝ።»

«የቱን ካውያ?» አለችና እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ሚጢ ሁሉንም ነገረቻት። እህቷ ቧንቧውን ዘግታ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ነቅዬው ነበር ማለት ነው?»

«ነቅለሽው ነበር። መልሼ የሰካሁት እኔ ነኝ።»

«ነቅዬው ነበር» አለች እህቷ፣ መስታወቱ ውስጥ ለራሷ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «እማዬን እስክትሞት ይቅርታ ስጠይቃት ኖሬአለሁ። አንቺ አጠገባችን ተቀምጠሽ።»

እህቷ ለምን ዛሬ እንደመጣች ስትጠይቃት ሚጢ የመጽሔቱን ነገር ተናገረች።

«ለእኔ ብለሽ ነው የመጣሽው፣ ወይስ ለመጽሔቱ?»

«አላውቅም» አለች ሚጢ። እውነቷን ነበር።

«እንግዲያው ዛሬ አይላክም።» እህቷ እጇን ዘረጋች። ሚጢ ወረቀቱን ሰጥታት ወጣች፤ አሥራ አንድ ሰዓትም አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እንደቆመች አለፈ።

አምስት ሳምንት እህቷ ስልክ አላነሣችም። ሚጢ በፀጉር ቤቱ በኩል ታልፋለች፣ አትገባም፤ ደብዳቤ ትጀምራለች፣ ትቀደዋለች። በስድስተኛው እሑድ እህቷ ሳትጠራ መጣች። ወረቀቱ እጇ ላይ ነው፤ ዳርና ዳሩ በቅንድብ መኳያ እርሳስ ተሞልቷል።

ሚጢ ቆማ አነበበችው። አክስታቸው ቤት ልጅቷ ምድጃ አጠገብ እንዳትደርስ ተከልክላ እንደነበር፣ ክብሪቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍባት እንደነበር፣ የሰፈሩ ልጆች «እሳቷ መጣች» እያሉ ይሸሿት እንደነበር ተጽፏል። ሚጢ ከዚህ አንዱንም አታውቅም ነበር።

«ይቅር አላልኩሽም» አለች እህቷ። «ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። አንቺ የኔን ሁለት ዓመት በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው። በደንብ ጻፊው። ሪባኑንም መልሺው።»

ሦስት እሑድ አብረው ሠሩ። አንዳንዱ ቀን በደኅና ያልፋል፤ አንዳንዱ ቀን እህቷ መሐል ላይ ቦርሳዋን አንሥታ ትሄዳለች። ታሪኩ ለሚቀጥለው እትም ሲላክ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት ቃል ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ሦስት መስመር መልስ መጣ፤ ያመሰግናሉ፣ ለዚህ እትም ግን አልመረጡትም። ሚጢ ቅር ቢላትም ውስጧ ትንሽ ቀለል አላት፤ እንግዲህ ይቅር ብላ መሳቢያ ውስጥ ልትከተው ነበር። የተቆጣችው እህቷ ናት።

«ስለ ክብሪቱ አንብበው ነው አይሆንም ያሉት?»

«አንብበው ነው።»

«ሌላ መጽሔት የለም?»

አንድ አለ፤ እሱ ግን የሚቀበለው እስከ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ቃል ነው፤ ማብቂያውም ማክሰኞ። እህቷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ገጽ ወደ ራሷ ጎተተች። መግቢያው በሙሉ ይውጣ አለች። ሚጢ መግቢያውን ማንም አይነካብኝም አለች። ለማክሰኞ ሁለት ቀን ነበር የቀራቸው፤ አንደኛው ገጽ ላይ ገና እየተጨቃጨቁ ነው።